ምዕራፍ 5፦ የቀለም ክር

ቡና ተፈልቶ እጣን በሚጨስበት፣ በሩም መስኮቱም በተዘጋ ቤት ቁጭ ብሎ ጢሱን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ከማጨሻው የሚነሳው ጢስ መጀመሪያ እንደ ፈትል ቀጥ ብሎ አንድ ሁለት ስንዝር ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ይንገዳገዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ይበተናል፤ ጣሪያው ስር ሲደርስ መልክ የሌለው ደመና ሆኗል። የነካው ሰው የለም፤ ነፋስ አልገባም። ከታች ሥርዓት የነበረው ጢስ ከላይ ሁከት የሆነው ምን አግኝቶት ነው?

ይህንኑ ጥያቄ በውሃ ላይ አንስቶ በቁጥር የመለሰው የማንቸስተሩ የምህንድስና ፕሮፌሰር ኦስቦርን ሬይኖልድስ ነው። ዛሬ የአውሮፕላን ክንፍ የሚነድፍም ሆነ የነዳጅ ቧንቧ የሚዘረጋ መሐንዲስ መጀመሪያ ከሚያሰላቸው ቁጥሮች አንዱ በእሱ ስም ይጠራል። ይህ ምዕራፍ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ያስረዳል፤ ቁጥሩ ግን ከሰውዬው የሥራ ሕይወት ተነጥሎ በደንብ አይገባም። ሬይኖልድስ እጁ ብረት የለመደ የሒሳብ ሰው ነበር። ትልልቆቹን ግኝቶቹን ያገኘው በእጅና በወረቀት መካከል እየተመላለሰ ነው፤ ሲሳሳትም የተሳሳተው ምልልሱን ሲተው ነው። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሞረድ፣ ከዚያ ሒሳብ

ሬይኖልድስ በ1842 በአየርላንድ ቤልፋስት ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ በምትገኘው ዴድሃም አደገ። አባቱ ቄስና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ግን ካምብሪጅ ሒሳብ የተማሩ፣ የእርሻ መሣሪያ እያሻሻሉ የፈጠራ መብት እስከ ማስመዝገብ የደረሱ ቄስ። ልጃቸው 19 ዓመት ሲሞላው፣ በ1861፣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ስቶኒ ስትራትፎርድ በምትባል ከባሕር በራቀች ከተማ የእንፋሎት ጀልባ ይሠራ በነበረው በኤድዋርድ ሄይስ ወርክሾፕ ተለማማጅ ሆነ።

በዘመኑ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሚወጣው ከወርክሾፕ እንጂ ከመማሪያ ክፍል አልነበረም፤ ወላጅ ለባለሙያው ይከፍላል፣ ልጁ እያየና እየሠራ ይለምዳል። እንግዳው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሬይኖልድስ በኋላ ላይ ለሥራ ባመለከተበት ደብዳቤ እንደገለጸው፣ በወርክሾፕ የሚያያቸውን ነገሮች ምክንያት ለማወቅ ያለ ሒሳብ እንደማይሆንለት የተረዳው በሥራው ላይ እያለ ነው። ስለዚህ ወደ ካምብሪጅ፣ ወደ ኩዊንስ ኮሌጅ ሄደ፤ በ1867ም በዩኒቨርሲቲው ከባዱ የሒሳብ ፈተና ሰባተኛ ወጥቶ ተመረቀ። አብዛኛው ሰው ቀመሩን ተምሮ ኋላ መተግበሪያ ይፈልግለታል። እሱ ግን ጥያቄውን ቀድሞ ይዞ ቀመር ፍለጋ የሄደ ተማሪ ነበር።

ለንደን ውስጥ በሲቪል መሐንዲሶች ቢሮ ጥቂት ከሠራ በኋላ፣ በ1868፣ የማንቸስተሩ ኦዌንስ ኮሌጅ የምህንድስና ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ዕድሜው 25 ነበር። ይህ ኮሌጅ የዛሬው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ነው። ከተማዋ የጥጥ ፈትልና የእንፋሎት ሞተር ከተማ ነበረች፤ ለምህንድስና ወንበሩ ገንዘብ ካዋጡት መካከልም ባለ ፋብሪካዎች ነበሩበት። በእንግሊዝ “የምህንድስና ፕሮፌሰር” የሚል ማዕረግ የያዘ ሰው ገና በጣት የሚቆጠር ነበርና ሥራው ምን መምሰል እንዳለበት የሚነግረው አልነበረም። ራሱ ፈጠረው። በዚያው ወንበር ላይ 37 ዓመት ተቀምጦ በ1905 ጡረታ ወጣ።

“ራንኪን ልክ ነበር”

በ1870 አንድ የ14 ዓመት ልጅ መሐንዲስ ሊሆን ኦዌንስ ኮሌጅ ገባ። ስሙ ጆሴፍ ጆን ቶምሰን ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ ኤሌክትሮንን ያገኘው ቶምሰን። በእርጅናው በጻፈው የሕይወት ትዝታ የሬይኖልድስን ክፍል አልረሳውም።

መምህሩ አንዳንድ ቀን ክፍል እንዳለው ጭራሽ ይረሳል፤ ተማሪዎቹ ሰው ልከው ያስጠሩታል። እየሮጠ ይገባና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራንኪንን የምህንድስና መጽሐፍ አንስቶ እንዳጋጣሚ ይገልጠዋል። ዓይኑ አንድ ቀመር ላይ ያርፋል። “ይሄ ስህተት ነው” ይላል። ስህተቱን ሊያሳይ ጠመኔ ይዞ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፤ ጀርባውን ለተማሪው ሰጥቶ፣ ለራሱ እያጉተመተመ ይጽፋል። ጽፎ ያጠፋል፤ “የለም፣ እንዲህ አይደለም” ይልና እንደገና ይጀምራል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን መስመር ጽፎ ወደ ተማሪዎቹ ይዞርና፣ ለካ ራንኪን ልክ ነበር ብሎ ያሳውቃል።

ይህን ጥሩ አስተማሪነት ነው ለማለት አልደፍርም። ለፈተና የሚሆን ማስታወሻ ፈልጎ የገባ ተማሪ ባዶ ደብተር ይዞ ሳይወጣ አልቀረም። ቶምሰን ግን ከዚያ ትርምስ ውስጥ ያተረፈው ነገር ነበር፤ አንድ የሚያስብ ሰው ሲያስብ ማየት። የታተመ ቀመር ሁሉ ከባዶ እንደገና ሊፈተን እንደሚችል፣ ፈትኖ ልክ ሆኖ ማግኘትም ጊዜ ማባከን እንዳልሆነ አየ።

ቶምሰን መሐንዲስ አልሆነም። አባቱ ሲሞቱ ቤተሰቡ የተለማማጅነቱን ክፍያ መሸፈን ስላልቻለ የነጻ ትምህርት ዕድል ተከትሎ ወደ ሒሳብና ፊዚክስ አዘነበለ። ኤሌክትሮንን ያገኘንበት መንገድ የጀመረው ከወርክሾፕ ክፍያ እጦት ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

ሁለት እውነተኞች ሲካሰሱ

ሬይኖልድስ የቧንቧን ነገር ከመያዙ በፊት ነገሩ ፍርድ ያጣ ሙግት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በአንድ በኩል ፓሪሳዊው ሐኪም ፑአዜይ ቆሟል። የደም ዝውውር ነገር ስለሚያሳስበው፣ በ1840ዎቹ ፀጉር በሚያካክሉ የመስታወት ቱቦዎች ውሃ እያሳለፈ ለካ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ውሃው በእጥፍ እንዲፈጥን ከተፈለገ ግፊቱን በእጥፍ መጨመር ይበቃል። በሌላ በኩል የዲዦን ከተማን ውሃ ያጠጣው መሐንዲስ ዳርሲ ቆሟል። በ1857 ያሳተመው ልኬት በእውነተኛ የከተማ ቧንቧዎች ላይ የተሠራ ነው። በእሱ ቧንቧዎች ፍጥነቱን በእጥፍ ለመጨመር የሚጠየቀው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ሁለቱም ጠንቃቃ ናቸው፤ ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም የለኩት ውሃን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የብዙ ሰው ምርጫ አንዱን አምኖ ሌላውን መጣል ነው። ሬይኖልድስ ግን ውሃው ራሱ ሁለት ዓይነት አካሄድ ቢኖረውስ ብሎ ጠየቀ። አንዱ አካሄድ ከሌላው የሚለየው በምን ይሆን? ይህን ለማወቅ ደግሞ ማስላት ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው በቱቦው ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ገንዳው

መሣሪያው ቀላል ነው፤ ብልሃቱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ርዝመቱ 1.8 ሜትር ግድም፣ ስፋቱና ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ ገንዳ ውሃ ይሞላል። በውስጡ አንድ የመስታወት ቱቦ ይጋደማል። ሬይኖልድስ ሦስት ቱቦ ነበረው፤ ስፋታቸው አንድ ኢንች፣ ግማሽ ኢንች እና ሩብ ኢንች። የቱቦው መግቢያ እንደ ጥሩምባ አፍ ሰፍቶ በተለሰለሰ እንጨት የተሠራ ነው። ውሃው ሲገባ ጠርዝ እንዳይመታው፣ ገና ከበሩ እንዳይታወክ ነው ይህ ሁሉ። ከጥሩምባው አፍ ፊት ለፊት ቀጭን ቱቦ ተተክሎ ጥቂት ቀለም ያንጠባጥባል። በሌላው ጫፍ ውሃውን የሚለቅ ቫልቭ አለ፤ የሚከፈተው ከላይ ከመቆሚያው ላይ በረጅም ዘንግ ነው።

ገንዳው ከተሞላ በኋላ ለሰዓታት ይተዋል። ውሃ ሲቀዳ የያዘው አዙሪት በዓይን ባይታይም ቶሎ አይለቅም። ውሃው ሲረጋ ቫልቩ በጥቂቱ ይከፈታል። ቀለሙ በቱቦው መሐል እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ከአፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። ክሩ ከመርጋቱ የተነሳ የሚፈስ ሳይሆን የተሰመረ ይመስላል። ቫልቩ ጥቂት ይጨመራል፤ አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ጥቂት ይጨመራል።

ድንገት፣ ከመግቢያው ራቅ ብሎ፣ ክሩ ይፈነዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ በሙሉ ወጥ ሆኖ በደበዘዘ ቀለም ይሞላል። ሬይኖልድስ ግን በዚህ አላበቃም፤ ክፍሉን አጨልሞ ቱቦውን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አየው። ዓይን “ደመና” ያለው ነገር ለቅጽበት ሲታይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ የተጠቀለለ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ለብቻው የሚለይ አዙሪት ሆኖ ተገኘ። በድንበሩ አካባቢ ደግሞ ሁከቱ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ እንደ ብልጭታ እየመጣ ይሄዳል፣ አንድ የታወከ ቁራጭ ያልፋል፣ ከኋላው ውሃው ተመልሶ ይረጋል።

የዛሬ መሐንዲሶች ሁለቱን አካሄዶች ላሚናር እና ተርቡለንት ይሏቸዋል። ፑአዜይ የለካው የመጀመሪያውን ነበር፤ ዳርሲ ሁለተኛውን። ሬይኖልድስ በእርሳስ ቧንቧዎች ላይ ባደረገው ልኬት፣ ከድንበሩ በላይ ግፊቱ የሚያድገው ከፍጥነቱ 1.722ኛ ኃይል ጋር ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ሙግቱ ሁለቱም ሳይሸነፉ ተፈታ። ጽሑፉ በ1883 ታተመ፤ እንዲገመግሙት የተሰጣቸው ሁለቱ ሊቃውንት ስቶክስና ሬይሊ ዋጋውን ወዲያው አወቁለት።

የሽማግሌውና የጠበኛው ቁጥር

ድንበሩ የሚሻገረው መቼ ነው? ፍጥነቱ ይህን ያህል ሲሆን ብሎ መመለስ አይቻልም፤ ቱቦው ሲሰፋ ድንበሩ ይለወጣል። ውሃው ሲሞቅም ይለወጣል፤ ከ5 ዲግሪ ወደ 22 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ዝልግልግነቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳልና በዝቅተኛ ፍጥነት ይታወካል። ሬይኖልድስ ያስተዋለው፣ እነዚህ ሁሉ ተለያይተው ሳይሆን በአንድ ላይ ተባዝተውና ተካፍለው እንደሚሠሩ ነው። ፍጥነቱን በቱቦው ስፋት፣ ያንን በፈሳሹ እፍጋት አባዙ፤ ውጤቱን ለፈሳሹ ዝልግልግነት አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ሜትርም ኪሎም የለውም፤ ባዶ ቁጥር ነው። የሬይኖልድስ ቁጥር የሚባለው ይህ ነው።

ትርጉሙን በሰፈር ምሳሌ ማየት ይቻላል። የሚገሰግሰው ውሃ ጠበኛ ነው፤ ትንሽ ሲነካ አዙሪት ያነሳል። ዝልግልግነት ሽማግሌ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን የውሃ ንብርብሮች እየያዘ ጠቡን ያበርዳል። ቁጥሩ የጠበኛውን ጉልበት ለሽማግሌው ጉልበት ያካፈለ ነው። ትንሽ ሲሆን ማንኛውም ጠብ ገና ሳይጋጋል ይበርዳል። ትልቅ ሲሆን ሽማግሌው ከመድረሱ በፊት ሰፈሩ ተረባብሿል።

ማር ከማሰሮ ሲቀዳ ቁጥሩ ከአንድ በታች ነው፤ ማር ተረጋግቶ እንጂ ተረብሾ የማይወርደው ለዚህ ነው። ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር በሆነ የቤት ቧንቧ ውሃ በሰከንድ 1 ሜትር ሲሄድ ቁጥሩ 15,000 አካባቢ ይደርሳል፤ ግድግዳችን ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ስለዚህ ሁከት ነው። ቁጥሩ 2,000 የሚሆነው በ2.5 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ውሃው በሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ነው፤ ቱቦው አሥር ጊዜ ሲቀጥን ግን እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ መታገስ ይችላል።

ጥቅሙ ከዚህ ይጀምራል። ፈሳሾቹ ቢለያዩ፣ መጠናቸው ቢለያይ፣ ቅርጻቸው አንድ ከሆነና ቁጥራቸው ከተስተካከለ አካሄዳቸው ይመሳሰላል። በውሃ የተሞከረ ነገር ስለ ዘይት ይናገራል፤ ክንድ የምታህል ትንሽ ሞዴል ስለ ትልቁ ክንፍ ልትመሰክር የምትችለው በዚህ ስምምነት ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ሬይኖልድስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ዞመርፌልድ በ1908 በሮም በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ “የሬይኖልድስ ቁጥር” አለው።

ውታፉን የገፋው ዘይት

ከወርክሾፕ የመጣ ጥያቄ እንዴት ቀመር እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በ1883 ቦሻምፕ ታወር የተባለ መሐንዲስ የባቡር ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ እየፈተነ ነበር። ዘይት ሊያስገባበት ከላይ በኩል ቀዳዳ በሳ። ማሽኑ ሲነሳ ግን ዘይቱ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ወጣ። በቡሽ ወተፈው፤ ቡሹ ተስፈንጥሮ ወጣ። በእንጨት ወተፈው፤ እንጨቱም ተገፍቶ ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ገጠመበት፤ መርፌው በካሬ ኢንች ከ200 ፓውንድ አለፈ። ኩሽኔታው የተሸከመው ክብደት በስፋቱ ሲካፈል የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ሬይኖልድስ ይህን ልኬት ይዞ በ1886 ምክንያቱን በቀመር አስቀመጠ። ዘንጉ ኩሽኔታው መሐል በትክክል አይቀመጥም፤ ጥቂት ወደ አንድ ጎን ያደላል። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላ በኩል የሚጠብ ሽብልቅ ይሆናል። የሚዞረው ዘንግ ዝልግልግ የሆነውን ዘይት እየጎተተ ወደ ጠባቡ ያስገባዋል፤ ዘይቱ መግቢያ ሲጠበው ግፊት ያነሳል፣ ግፊቱም ዘንጉን ተሸክሞ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ ያደርጋል። መካኒክ ዘይት ያነሰው ሞተር ይነክሳል ሲል፣ ይህ የማይታይ የዘይት ትራስ ጠፋ ማለቱ ነው። የዛሬ የኩሽኔታ ነዳፊዎችም የሚነሱት ከዚያው ቀመር ነው።

ያልገባቸው ገምጋሚዎች

በ1895 የወጣው ጽሑፉ ከሁሉም የከበደ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሁከቱን እያንዳንዱን አዙሪት ተከትሎ ማስላት አይቻልም፤ ስለዚህ ፍጥነቱን በሁለት ክፈለው፣ አንዱ አማካዩ፣ ሌላው በአማካዩ ዙሪያ የሚዋዥቀው። ሲሰላ ታዲያ ውዥዋዤው ጠፍቶ አይጠፋም፤ በአማካዩ ፍሰት ላይ እንደ ተጨማሪ ግፊያ ሆኖ ይመጣል። ይህን ግፊያ ለማወቅ ደግሞ አዲስ ቀመር ያስፈልጋል፣ አዲሱ ቀመር ሌላ ያልታወቀ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያልታወቁት ሁልጊዜ ከቀመሮቹ ይበልጣሉ።

ገምጋሚዎቹ ስቶክስና ላምብ፣ ሁለቱም በፈሳሽ ሳይንስ የተከበሩ፣ ብዙው ክፍል እንዳልገባቸው ጻፉ። ቢሆንም ይታተም አሉ፤ ጸሐፊው ከዚህ በፊት ያሳየው ነገር አመኔታ አትርፎለታል። ዛሬ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ዙሪያ ያለውን አየር በኮምፒውተር የሚያሰሉ መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቱት የእሱን የአማካይ ቀመሮች ነው፤ የጎደለውን ቀመር በምን እንሙላው የሚለውም ጥያቄ አሁን ድረስ ሙሉ መልስ አላገኘም።

እንዲህ ያለ አመኔታ ግን ሁለት ስለት አለው። ሬይኖልድስ በ1885 ስለ እርጥብ አሸዋ አንድ ቆንጆ ነገር አሳይቶ ነበር፤ በባሕር ዳርቻ ስንራመድ በእግራችን ዙሪያ ያለው አሸዋ ለቅጽበት የሚደርቀው፣ የተጠጋጉት ቅንጣቶች ሲገፉ ተራርቀው ውሃውን ወደ መካከላቸው ስለሚስቡት ነው። ይህ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቡን እየለጠጠ ሄዶ በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዋው ሁሉ በጥቃቅን ቅንጣቶች የተሞላ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ያ አልሆነም። ለዚህ ንድፈ ሐሳብ ወደ መስታወት ገንዳ ተመልሶ የሚያይበት ቱቦ አልነበረውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጤናው ከድቶት ሥራውን ለቀቀ፤ በ1912 በሶመርሴት አረፈ።

የጎዳናው ድምፅ

ገንዳው ማንቸስተር ውስጥ ተጠብቆ ቆየ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሙከራውን በዚያው በጥንቱ መሣሪያ ደግመው ፎቶግራፍ አነሱት። የቀለሙ ክር እንደ ድሮው ቀጥ አለ፤ እንደ ድሮው ፈነዳ። አንድ ልዩነት ግን ነበር። ሬይኖልድስ ውሃውን በጥንቃቄ አርግቶ ክሩን እስከ 13,000 አካባቢ ሳይፈነዳ ማቆየት ችሎ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ያን ያህል አልሆነላቸውም። ምክንያቱ የጎዳናው መኪና ነው። የሚያልፈው ተሽከርካሪ መሬቱን ያርገበግባል፣ ንዝረቱ ወደ ገንዳው ይደርሳል፣ ውሃውም ሰበብ ያገኛል።

ይህ የሙከራውን ውጤት አያፈርስም፤ እንዲያውም ሬይኖልድስ ያየውን ነው የሚያጸና። ድንበሩ ሁለት ነው። በታችኛው በኩል ምንም ያህል ብትረብሹት ውሃው ተመልሶ ይረጋል፤ በ2011 የታተመ ጥንቁቅ ልኬት ይህን ድንበር 2,040 ላይ አድርጎታል። ከዚያ በላይ ሥርዓቱ የሚቆየው የሚያውከው እስኪያገኝ ብቻ ነው፤ ስንት ድረስ እንደሚዘልቅ የሚወስነው ቱቦው ብቻ ሳይሆን አካባቢውም ነው።

ይህን ለማየት ማንቸስተር መሄድ አያስፈልግም። እጣኑ እየጨሰ፣ ጢሱ ቀጥ ብሎ እየወጣ ሳለ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይግባ። ቀጥ ያለው ክር በስንት ጣት እንዳጠረ ተመልከቱ።